የተራራና የካምፕ ዕቃ አምራቾች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለተራራና ለካምፕ የሚሆን ልብስና ዕቃ የሚሠራ ድርጅት ሁሉ ዛሬ ስለ ተፈጥሮ ያወራል። ጃኬቱ ላይ አረንጓዴ ካርድ ይንጠለጠላል፣ ሥራው ግን እንደ ድሮው ይቀጥላል። ይሄ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ከልባቸው የሞከሩት ምን እንዳስከፈላቸው የታወቀ ነው። ምሳሌዬን የምወስደው በአብዛኛው ከካሊፎርኒያው ፓታጎኒያ ነው፤ ስለ ጥፋቱ ራሱ በግልጽ የተናገረ ድርጅት ስለሆነ።

ገንዘብ የሚያመጣውን ዕቃ አለመንካት

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። የፓታጎኒያ መሥራች ኢቮን ሹናርድ በልብስ አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1957 ብረት እየቀጠቀጠ ፒቶን መሥራት ጀመረ። ፒቶን አለት የሚወጣ ሰው ስንጥቅ ውስጥ በመዶሻ መትቶ ገመዱን የሚያያይዝበት ችንካር ነው። የሹናርድ ፒቶን ጠንካራ ስለነበር ተነቅሎ ደግሞ ደጋግሞ ያገለግላል። ጥሩ ነገር ይመስላል አይደል? ግን አንዱ መትቶ ይነቅላል፣ ቀጣዩ መጥቶ እዚያው ይመታል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ በካሊፎርኒያው የአለት መውጫ ቦታ በዮሰሚቲ ያሉት ስንጥቆች እየሰፉና እየተፈረፈሩ ሄዱ። በ1970 ከፓታጎኒያ በፊት የነበረው የሹናርድ ድርጅት በአሜሪካ ትልቁ የአለት መውጫ ዕቃ አቅራቢ ነበር፤ አብዛኛው ገቢውም ከፒቶን ነው። ሹናርድና ሸሪኩ ቶም ፍሮስት ግን ከፒቶን ሥራ ለመውጣት ወሰኑ። በ1972 ካታሎጋቸው ላይ ችግሩን በግልጽ አስቀመጡና በእጅ ገብቶ በእጅ የሚወጣ የአሉሚኒየም መያዣ አቀረቡ። ብዙ ወር ሳይቆይ የፒቶን ገበያ ቀዘቀዘ፣ አዲሱ ዕቃ ደግሞ ከሚሠራው በላይ ተፈለገ።

እናንተም መጀመሪያ በደንብ የሚሸጥላችሁን ዕቃ መርምሩ። ዳር ላይ አንድ “አረንጓዴ” ቦርሳ ጨምሮ ዋናውን እንዳለ መተው ምንም አይለውጥም።

“እሱን ፋብሪካው ያውቃል” ማለት

በ1988 ቦስተን የተከፈተው የፓታጎኒያ ሱቅ ሠራተኞች ራስ ምታት ያዛቸው። ሲመረመር አየር ማናፈሻው በደንብ አይሠራም፤ ከምድር ቤት ከተከማቸው የጥጥ ልብስ የሚወጣው ፎርማልዴሃይድ እየተመላለሰ ወደ ሱቁ ይገባል። ልብሱ እንዳይጨማደድና እንዳያጥር የሚቀባ ኬሚካል ነው። ማናፈሻውን አስጠግኖ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እነሱ ግን ጥጡ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ጀመሩ፣ እርሻው ላይ የሚረጨውን መድኃኒትም አዩ። እስከ 1996 የጥጥ ልብሳቸውን በሙሉ ወደ ኦርጋኒክ፣ ማለትም እንዲህ ያለ መድኃኒት ሳይረጭበት ወደሚበቅል ጥጥ፣ ቀየሩ። ቀላል አልነበረም፤ ጥጡ ውድ ነው፣ አብቃዩም ጥቂት ነው፣ ዳማጩንና ፈታዩን አንድ በአንድ ማሳመን ነበረባቸው።

ማን ፈተለው? ማን ነከረው? በምን? ይሄን ሳታውቁ ከማሸጊያ ፌስታል አትጀምሩ። የአንድ ጃኬት ጉዳት አብዛኛው የሚመጣው ክሩና ጨርቁ ሲሠራ ነው።

“ከሪሳይክል የተሠራ ነው” ብሎ መገላገል

ፓታጎኒያ ከ1993 ጀምሮ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ፍሊስ፣ ማለትም ለስላሳና ሞቃት የሹራብ ዓይነት ጨርቅ፣ ይሠራል። ፍሊስ ግን ከምንም ይሠራ ከምን፣ በታጠበ ቁጥር ደቃቅ የፕላስቲክ ክር ወደ ውኃ ይለቃል። በ2011 ድርጅቱ “ይህን ጃኬት አትግዙ” የሚል ማስታወቂያ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ሲያወጣ፣ 60 በመቶው ሪሳይክል የሆነ ጃኬት እንኳ 135 ሊትር ውኃ እንደሚፈጅ እዚያው ጽፏል። ሽያጩ ከዚያም በኋላ አደገ፤ ይሄ እስካሁን ያልተፈታ ችግር ነው። ቢያንስ ቁጥሩን አትደብቁ።

የማይጠገን ዕቃ መሥራት

ጃኬት ሲጣል ብዙ ጊዜ ጨርቁ ደህና ነው፤ የተበላሸው ዚፑ ነው። የዚፑ ራስ ብቻ ከላላ ልብስ ሰፊ በደቂቃ ይቀይረዋል። ዚፑ በሁለት ድርብ ጨርቅ መሃል ተቀብሮ ከተሰፋ ግን ግማሽ ጃኬት መፍታት ሊኖርበት ነው፣ ዋጋውን ሲነግራችሁ አዲስ መግዛት ይሻላል ትላላችሁ። ስለዚህ ነገሩ የሚወሰነው ገና ንድፉ ላይ ነው። ዚፑ በቀላሉ የሚፈታ ይሁን፣ መለዋወጫ ዘለበትና የድንኳን ዘንግ ለየብቻ ይሸጥ። ፓታጎኒያ ሪኖ፣ ኔቫዳ ውስጥ ትልቅ የጥገና ማዕከል አለው።

የሚሰፋውን ሰው መርሳት

ኦርጋኒክ ጥጥ በረሃብ ደመወዝ ከተሰፋ ምኑን ዘላቂ ሆነ? ለውጭ ብራንዶች ልብስ በሚሰፋበት በሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አውጥቶታል። ሪፖርታችሁ ውስጥ ካርበን ተቆጥሮ ደመወዝ ካልተጻፈ፣ ሪፖርቱ ጎደሎ ነው።

ሁሉንም በባለቤቱ በጎ ፈቃድ ላይ መጣል

ባለቤት ይሞታል፣ ይሸጣል፣ ሐሳቡን ይቀይራል። የሹናርድ ቤተሰብ በ2022 በድርጅቱ ውሳኔ ላይ ድምፅ የሚያሰጠውን አክሲዮን፣ ከጠቅላላው 2 በመቶውን፣ የድርጅቱን ዓላማ እንዲጠብቅ ለተቋቋመ ትረስት (አደራ ያዥ አካል) ሰጠ፤ የቀረውን 98 በመቶ ለተፈጥሮ ጥበቃ ለሚሠራ ድርጅት። ወደ ሥራው ተመልሶ ከማይገባው ትርፍ የሚገኘው ገንዘብ አሁን ወደዚያ ይሄዳል። ለአነስተኛ ድርጅት ይሄን ያህል አያስፈልግም። ከሽያጭ ስንት እንደምትሰጡ፣ የትኛውን ኬሚካል እንደማትነኩ መተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ አስገቡት፤ ቀጣዩ ሥራ አስኪያጅ በአንድ ስብሰባ ሊሰርዘው እንዳይችል።