ዛንዚባር ላይ ከመዋኘትዎ በፊት የባሕሩን ሰዓት ይወቁ

ዛንዚባር ዳርቻ ላይ እንግዳ ሰው ችግር ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው በሻርክ ወይም በትልቅ ማዕበል አይደለም። ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት ባለማወቅ ነው። ጨረቃ አዲስ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ ላይ፣ ጠዋት ደረት ድረስ የነበረው ውኃ ከሰዓት በኋላ ብዙ መቶ ሜትር ይሸሽና ቦታው አሸዋ፣ ኮራልና ኩሬ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ማታ ከመተኛትዎ በፊት የነገውን የሙላት ሰንጠረዥ ይዩ። ሆቴሎች ብዙ ጊዜ ይለጥፉታል፤ በስልክም ይገኛል። ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ ይፈጃል፤ በማግስቱ ደግሞ ሁሉም ነገር 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ሰንጠረዡ ላይ 09:00 የተባለው የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። የአገሩ ሰዎችም በስዋሂሊ ሲናገሩ እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። በእንግሊዝኛ ቀጠሮ ሲሰጡዎት ግን የትኛውን ሰዓት ማለታቸው እንደሆነ ይጠይቁ፤ ጀልባ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው።

ምሥራቁ ላይ ለመዋኘት የሚመቸው ከሙላቱ 2 ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ 2 ሰዓት በኋላ ነው። ውኃው መሸሽ ከጀመረ በኋላ 3ኛውና 4ኛው ሰዓት ላይ ከሪፉ (ከዳርቻው ራቅ ብሎ ካለው የኮራል አጥር) ክፍተቶች አጠገብ አይዋኙ። ከጠቅላላው ውኃ ግማሽ ያህሉ የሚያልፈው በእነዚያ 2 ሰዓታት ስለሆነ በክፍተቶቹ በኩል ወደ ጥልቁ በኃይል ይስባል። ከተሳቡ ከሚስበው ውኃ ጋር አይታገሉ። ይንሳፈፉ፣ እጅዎን አውጥተው እርዳታ ይጥሩ፣ ጉልበት ካለዎት ደግሞ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝተው ከሚስበው ውኃ ይውጡ። አብዛኛው ዳርቻ ላይ ነፍስ አድን ጠባቂ ስለሌለ ብቻዎን አይግቡ። ቀኑን ሙሉ መዋኘት የሚፈልግ ሰው ሰሜን፣ ኑንግዊና ኬንድዋ ቢያርፍ ይሻለዋል፤ እዚያ ባሕሩ ያን ያህል ርቆ አይሸሽም። እዚያ መጠንቀቅ ያለብዎት ጀልባዎች ከሚመላለሱበት መስመር ነው።

ውኃው ሲሸሽ በእግር ወደ ሪፉ መሄድ ደስ ይላል፤ መመለሻው ግን ከመሄጃው ይከብዳል። ውኃው ከሁሉ ዝቅ ከሚልበት ሰዓት 2 ሰዓት ቀድመው ይውጡ፣ ያ ሰዓት ሲደርስ ፊትዎን ወደ ዳርቻ ያዙሩ። ውኃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚሞላው በእርስዎና በዳርቻው መካከል ያሉትን ጎድጓዳ ቦታዎች ነው፤ እርስዎ የቆሙበት ደረቅ ሆኖ ሳለ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። በመንገድዎ በችካልና በገመድ የተከለሉ እርሻዎች ያገኛሉ። የመንደሩ ሴቶች የባሕር ሣር የሚያለሙባቸው መተዳደሪያቸው ስለሆኑ ዞረው ይለፉ፣ ሳያስፈቅዱም ፎቶ አያንሱ።

ሶሉ ጠንካራ የሆነ የውኃ ጫማ ግድ ነው፤ ነጠላ ጫማ ይወልቃል። ጥቁሩ የባሕር ጃርት ድንጋይ ሥር ይደበቃል፤ እሾሁ ቆዳ ውስጥ ይሰበራል። ከወጋዎት የሚታየውን እሾህ በወረንጦ ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ የጠለቀውን በመርፌ አይቆፍሩ፣ ይበልጥ ይሰባበራልና። ከዚያ እግሩን ከ45 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቅ ውኃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይንከሩት። ሙቀቱን ያልተጎዳ ሰው በእጁ ይለካ፤ ሕመም ላይ ያለ እግር ሲቃጠል አይታወቀውም። መገጣጠሚያ ላይ ከገባ ሐኪም ያስፈልጋል። ድንጋይ የሚመስለው ስቶንፊሽ ሲወጋ ሕመሙ እጅግ የከፋ ነው፤ ሙቅ ውኃው እንዳለ ሆኖ ወዲያው ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ምኔምባ ወደተባለችው ትንሽ ደሴት ለስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ እየተነፈሱ የውኃውን ውስጥ እያዩ ለመዋኘት) የሚወስድ ጀልባ ላይ ከመክፈልዎ በፊት የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹን በዓይንዎ ይቁጠሩ፣ አንዱንም ለብሰው ይሞክሩ። ማሰሪያው የተበጠሰ ጃኬት እንደሌለ ይቆጠራል። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 6 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም፤ ስኖርክል የሚያደርግ ሰው ጀርባውና ባቱ ይላጣል። ክሬም ከመቀባት ይልቅ ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ይበልጥ ያዋጣል። በተለይ ከጠዋቱ 4 እስከ 10 ሰዓት ራስዎን ይሸፍኑ።

የዋና ልብስ ለዳርቻ ብቻ ነው። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ መንደርና ስቶን ታውን (የዛንዚባር ከተማ ጥንታዊ ክፍል) ሲገቡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል። ከመሸ በኋላ ጨለማ ዳርቻ ላይ ብቻዎን አይራመዱ፤ ገንዘብና ፓስፖርት ሆቴል ይቆለፍባቸው።

ከ2024 ጥቅምት ወር መጀመሪያ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ የውጭ ጎብኚ የዛንዚባርን የጉዞ ኢንሹራንስ በ44 ዶላር መግዛት አለበት፤ ከሌላ ድርጅት የገዙት አይተካውም። ከኢትዮጵያ የሚሄዱ ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይያዙ። የኢንሹራንሱን ወረቀት ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ሕክምና ከሄዱም ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይውጡ።