ከተሰበረ የላፕቶፕ ስክሪን በወጣ ፊልም ለጨለማ ክፍል የቀን ብርሃን ማስገባት

አዳማ ውስጥ ውጭ ፀሐይዋ ዓይን እያጠፋች ሳለ መካከለኛው ክፍል ግን በጠራራ ቀን አምፖል የሚበራበት ቤት ብዙ ነው። ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የተጋጠመ ስለሆነ መስኮት አይከፈትም፤ ክዳኑ ላይ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ቢደረግም ብርሃኑ ከኮርኒሱ በላይ ይቀራል። መፍትሔው ከክዳኑ እስከ ኮርኒሱ የሚዘልቅ፣ ውስጡ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ቱቦ ነው። የቱቦው ዋጋ ያለው ክፍል አንጸባራቂው ፊልም ሲሆን፣ እሱንም ቆራሌው በኪሎ ከሚሰበስባቸው የተሰበሩ ላፕቶፖች ውስጥ ማግኘት ይቻላል።

ይህ ፊልም መስታወት ይመስላል እንጂ ቅንጣት ብረት የለበትም። በዝናብ ጊዜ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ለምን ቀስተ ደመና እንደሚመስል ያስተዋለ ሰው አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም። ከናፍጣው ላይኛው ገጽና ከታችኛው ገጽ የሚመለሱት ሁለት የብርሃን ሞገዶች ሲገናኙ፣ እንደ ናፍጣው ውፍረት አንዱን ቀለም ያጎላሉ፣ ሌላውን ያጠፋሉ። በፊልሙ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያሉ ገጾች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ሁለት ግልጽ ፕላስቲኮች፣ አንዱ የፖሊስተር ዘመድ የሆነው ፔን፣ ሌላው አክሪሊክ፣ እየተፈራረቁ ይደረደራሉ። አረንጓዴውን ብርሃን፣ ማለትም 550 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው) የሞገድ ርዝመት ያለውን፣ ለመመለስ የፔኑ ንጣፍ 79 ናኖሜትር ገደማ፣ የአክሪሊኩ ደግሞ 92 ናኖሜትር ገደማ መወፈር አለበት። ከአንደኛው ፊት ወደ ሌላኛው ንጣፎቹ ቀስ በቀስ እየወፈሩ እንዲሄዱ ስለሚደረግ አንዱ ክፍል ሰማያዊውን፣ ሌላው አረንጓዴውን፣ ሌላው ቀዩን ይመልሳል፤ ለዓይን ድምሩ የብር መስታወት ይሆናል። ይህ ሁሉ ተደራርቦ የፊልሙ ጠቅላላ ውፍረት 65 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ብዙም አይበልጥም።

የሐሳቡ መነሻ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ዳው ኬሚካል ኩባንያ ተርነር አልፍሬይና ዋልተር ሽሬንክ የቀለጡ ፕላስቲኮችን በአንድ ማሽን ደራርቦ ማውጣት የሚቻልበትን መንገድ መሥራታቸው ነበር። የእነርሱ ፊልሞች ግን እንደ ናፍጣው ቀለማቸውን የሚለዋውጡ ነበሩ፤ እንደ መስታወት በየማዕዘኑ እኩል የሚያንጸባርቁ አልነበሩም። ምክንያቱ ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር እ.ኤ.አ. በ1815 ያሳየው ሕግ ነው፤ ብርሃን አንድን ግልጽ ነገር በተወሰነ ማዕዘን ሲመታ፣ በአንደኛው አቅጣጫ የሚወዛወዘው የብርሃኑ ክፍል ምንም ሳይንጸባረቅ ያልፋል። ይህን መሰናክል የስሪ ኤም ኩባንያ ተመራማሪዎች እነ ማይክል ዌበርና አንድሪው አውደርከርክ አልፈው ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ2000 በሳይንስ መጽሔት አሳተሙ። ዘዴያቸው ፊልሙን በርዝመትም በስፋትም መለጠጥ ነው። ፔን ሲለጠጥ በገጹ አቅጣጫ የብርሃን ስብረት ልኩ፣ ማለትም ብርሃን ሲገባበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚናገረው ቁጥር፣ ወደ 1.75 ይጠጋል፣ በውፍረቱ አቅጣጫ ግን ወደ 1.5 ወርዶ ከአክሪሊኩ 1.49 ጋር ይቀራረባል። በውፍረት አቅጣጫ ልዩነቱ ሲጠፋ የብሩስተር ማዕዘንም ይጠፋል፤ ፊልሙም ብርሃን ከየትም ቢመጣበት ይመልሰዋል። ለቱቦአችን ይህ ነገር ወሳኝ ነው፤ ፀሐይዋ ከጠዋት እስከ ማታ ማዕዘኗን ስለምትቀይር የቱቦውን ግድግዳ አንድ ዓይነት አድርጋ የምትመታበት ሰዓት የለም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተገቢ ጥያቄ፣ የወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይል ቢለጠፍስ የሚለው ነው። መልሱ ያለው ብርሃኑ ከክዳን እስከ ኮርኒስ ስንት ጊዜ እንደሚነጥር በመቁጠር ነው። ጥሩ ፊልም 98 በመቶ ይመልሳል፤ ፎይሉን 85 በመቶ ይመልሳል ብለን እንቁጠርለት። የውስጥ ስፋቱ 10.4 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 56 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ ፀሐይ በ45 ዲግሪ ስትገባ፣ በአዳማ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ማለት ነው፣ ብርሃኑ 5 ጊዜ ያህል ይነጥራል። በፊልሙ 90 በመቶው ታች ሲደርስ በፎይሉ 44 በመቶው ብቻ ይደርሳል። ከዚያ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ፀሐይዋ በ30 ዲግሪ ላይ ሳለች፣ ንጥረቱ 9 ይሆንና ፊልሙ 83 በመቶ፣ ፎይሉ 23 በመቶ ያሳልፋል። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚነጥር ብርሃን፣ ለምሳሌ ለእጅ ባትሪ፣ ይህ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም፤ ፎይል ይበቃል።

ፊልሙን ለማግኘት ባለ 15.6 ኢንች የላፕቶፕ ስክሪን፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ቢሆንም፣ ከሁሉ የተሻለ ነው። ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ብዙ ፊልም ያላቸው ቢመስልም በጀርባቸው የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ወረቀት መሰል አንጸባራቂ ነው፤ ጥሩ ዕቃ ቢሆንም ብርሃኑን ስለሚበትነው ለቱቦ አይሆንም። በሌላ በኩል፣ በኤልኢዲ ፈንታ ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ያለበት አሮጌ ስክሪን ካጋጠመ ቱቦው ሜርኩሪ ስላለው ሳይከፈት ይቀመጥ። የስክሪኑ ፍሬም በትንሽ ካቻቪቴ ሲፈታ፣ የፊቱ መስታወት ከተነሣ በኋላ ከላይ ወደ ታች ሁለት ባለ ጥርስ ፊልሞች፣ ወተት መሰል በታኝ፣ ወፍራም የአክሪሊክ ሰሌዳ፣ በመጨረሻም አንጸባራቂው ይገኛሉ። ባለ ጥርሶቹ በእነርሱ በኩል የታየን ነገር ሁለት አድርገው ስለሚያሳዩ ወዲያው ይለያሉ።

አንዳንዱ ስክሪን ከባለ ጥርሶቹ በላይ ግራጫ ለበስ፣ ግማሽ መስታወት የሚመስል ተጨማሪ ፊልም አለው። ይህም ባለ ብዙ ንጣፍ ነው፤ ነገር ግን የተለጠጠው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ በዚያ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን ብርሃን ይመልሳል፣ ሌላውን ያሳልፋል። በስክሪኑ ውስጥ ሥራው ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ማጣሪያ ውጦ ሊያባክነው የነበረውን ግማሽ ብርሃን ወደ ኋላ መልሶ ዳግም ዕድል መስጠት ነው። በበራ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ አድርገው ቀስ ብለው ሲያዞሩት አንዴ ይበራል፣ ሩብ ዙር ሲዞር ይጨልማል። ለቱቦው አይጠቅምም፤ ሆኖም ፖላራይዝድ እየተባለ የሚሸጥ የፀሐይ መነጽር እውነተኛ መሆኑን በዚሁ መንገድ ለማረጋገጥ ስለሚያገለግል አይጣል።

ከታች የወጣው አንጸባራቂ ባለ ብዙ ንጣፍ ነው ወይስ አሉሚኒየም የተቀባ ፕላስቲክ? ይህን ሳያረጋግጡ ክዳን መብሳት አይገባም። የመጀመሪያው ፈተና በቴስተር ነው፤ ሁለቱ መርፌዎች ገጹ ላይ ተቀራርበው ሲነኩ ቴስተሩ ከጮኸ ብረት አለበት። ዝም ካለ ግን ብረቱ በላስቲክ ተሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል ሁለተኛው ፈተና ይቀጥላል፤ የማይፈለገውን ጥግ በመርፌ ጫር ጫር አድርጎ በረኪና ጠብ ማድረግና ጥቂት ሰዓት መጠበቅ። አሉሚኒየም ከሆነ የተጫረው ቦታ ተበልቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ የፕላስቲክ ንጣፎቹን ግን በረኪናው አይነካቸውም። ሦስተኛው ዓይን ነው፤ ፊልሙን ወደ በራ አምፖል፣ በጭራሽ ወደ ፀሐይ ሳይሆን፣ ይዘው ሲያዘነብሉት የሚያልፈው ጭላንጭል ቀለሙን ከቀየረ የተፈለገው ተገኝቷል።

ፊልሙ ከቦታው ሲላቀቅ ኤሌክትሪክ ይቋጥርና አቧራ ይስባል፤ በአዳማ ነፋስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ሥራው ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ፣ በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ወለሉ በውኃ ረጠብ ተደርጎ፣ በጓንት ይሠራ። የጣት አሻራ ካረፈበት በንጹሕ ውኃና በትንሽ የሳህን ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ ይነሣል። እኔ የመጀመሪያውን ፊልሜን የፕላስተር ሙጫ ለማስለቀቅ ቲነር አስነክቼው ጠርዙ ወተት መስሎ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሙጫ የያዘውን ጠርዝ በካተር ቆርጬ መጣል ይሻለኛል። መታጠፍም እንዲሁ ነው፤ አንዴ የተሰበረ መስመር አይመለስም።

ለቱቦው 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ፍሳሽ ቧንቧ ይበቃል። የውስጥ ዙሪያው 32.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የላፕቶፑ ፊልም 34.4 በ19.4 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ረጅሙ ጎን ዙሪያውን ይዞ ወደ 1.7 ሴንቲ ሜትር ይደረባል። ደስ የሚለው፣ ፊልሙ ሲጠቀለል ለመዘርጋት ስለሚታገል ራሱ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፤ ሙጫ አያስፈልገውም፣ ሙጫውም ገጹን ያጎረብጠዋል። ሦስት ፊልም በ1 ሴንቲ ሜትር እየተደራረበ 56 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። መደራረቡ እንደ ቆርቆሮ አመታት ነው፤ የላይኛው የታችኛውን ከውስጥ በኩል መሸፈን አለበት፤ አለበለዚያ ወደ ላይ የሚያፈጥ ጠርዝ ብርሃንንም አቧራንም ይይዛል። በክዳንና በኮርኒስ መካከል ያለው ርቀት ከዚህ ከበለጠ ተጨማሪ ስክሪን መፈለግ ነው።

ክዳኑ የሚበሳው በቆርቆሮው ጉብታ በኩል እንጂ ውኃ በሚወርድበት ሸለቆ በኩል አይሁን። ሰው ሲቆም ሚስማር በተመታበት መስመር፣ ሞራሌው ባለበት ላይ ይቁም። ቧንቧው ከቆርቆሮው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይውጣ፤ ዙሪያው በቆርቆሮ አንገትጌና በሲሊኮን ይደፈን፤ ይህ ክረምት ሳይገባ መጠናቀቅ አለበት። የቧንቧውን አፍ የሚከድነው ፖሊካርቦኔት የሚባለው ግልጽ ፕላስቲክ ነው። ተራ መስታወት ወይም ተራ ላስቲክ አይተካውም፤ ምክንያቱም ፔን በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ቢጫ የሚሆን ፕላስቲክ ሲሆን ፖሊካርቦኔቱ ያንን ጨረር ያስቀርለታል። በዚሁ ምክንያት ይህን ፊልም ለፀሐይ ምድጃ የሚመክሩትን አልስማማባቸውም፤ ደጅ በባዶው ፀሐይ ላይ ይበላሻል፣ ከዚህም ሌላ የፀሐይን ሙቀት ከሚሸከመው ኢንፍራሬድ ከፊሉን አሳልፎ ስለሚለቅ ለማብሰል ብረት ይበልጠዋል። ለቱቦው ግን ይኸው ጠባይ በጎ ነው፤ ከኢንፍራሬዱ ከፊሉ በቧንቧው ግድግዳ ኮርኒሱ ላይ ይቀራል፣ ወደ ክፍሉ የሚወርደው በአብዛኛው ብርሃኑ ነው።

በኮርኒሱ በኩል ያለው አፍ ከዚያው ላፕቶፕ በወጣው ወተት መሰል ፊልም ይዘጋ። ሳይዘጋ ከቀረ ብርሃኑ ወለሉ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ይወድቃል፤ ከታች ቀና ብሎ ያየ ሕፃንም ዓይኑን ይጎዳል።

ምን ያህል ብርሃን ይጠበቃል? የቱቦው አፍ ስፋት 85 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ፀሐይ በአዳማ አናት ላይ ስትቆም 100,000 ሉክስ ያህል፣ ማለትም በካሬ ሜትር 100,000 ሉመን፣ ስለምትሰጥ ወደ ቱቦው የሚገባው 850 ሉመን፣ ማለትም የአንድ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ያህል ነው። የአፉ ፖሊካርቦኔትና በታኙ ከዚህ ላይ ይቀንሳሉ፤ ፀሐይ ስታዘነብል ደግሞ የሚገባውም ያንሳል፤ ደመና ሲሆን ለመተላለፊያ እንጂ ለንባብ አይበቃም። ኮሪደርና ዕቃ ቤት ለመሳሰለው አንድ ቱቦ ሲበቃ ሳሎን ሁለት ወይም ሦስት ይፈልጋል።

ከተገጠመ በኋላ የሚያስፈልገው እንክብካቤ የቱቦውን የፖሊካርቦኔት ክዳን ከአቧራ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው፤ በበጋ በወር አንድ ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው። ቢጫ መሆን ከጀመረ የሚጀምረው ከላይኛው ፊልም ነው፤ በሙጫ ስላልተያዘም ክዳኑ ተነሥቶ እሱ ብቻ ይሳብና ሌላ ይተካል። ስለዚህ ስክሪኖቹ ሲፈቱ አራተኛ ፊልም ተርፎ ከሆነ፣ በንጹሕ ወረቀት መካከል ሳይታጠፍ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።