ተማሪዎች ኢንተርኔትን በጥንቃቄ እንዲጠቀሙ እንዴት እናስተምራቸው?

«አትግቡ፣ አትለጥፉ፣ አትንኩ» የሚል ዝርዝር ጽፎ ግድግዳ ላይ መስቀል ቀላል ነው። ተማሪው ግን አንዴ አይቶት ያልፋል። ልጆች የሚይዙት ራሳቸው ሞክረው ያዩትን ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በአንድ ቀን ስብከት አትጨርሷቸው። በየሳምንቱ አንድ አንድ እያላችሁ ክፍል ውስጥ አሠሯቸው።

1. መጀመሪያ ጠይቁ

የትኞቹን አፖች ይጠቀማሉ? የማያውቁት ሰው ሲጽፍላቸው ምን ያደርጋሉ? ስማቸውን ሳይጽፉ በወረቀት ይመልሱ። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ቢያንስ 13 ዓመት ይጠይቃሉ፤ ዕድሜውን ጨምሮ የገባ ልጅ ግን ከክፍል አይጠፋም። አትቆጡ። ከተቆጣችሁ ሁለተኛ እውነቱን አይነግሯችሁም። ይልቅ ይህን አስረዷቸው፦ 25 ዓመቴ ነው ብሎ የሞላ ልጅ ለታዳጊዎች የተዘጋጀው ጥበቃ ይቀርበታል። የማያውቀው ጎልማሳም በቀላሉ ሊጽፍለት ይችላል።

2. ፓስወርድ

እዚህ ላይ ብዙ አትቆዩ። ረጅም ይሁን፤ እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ቃላት ማገጣጠም ጥሩ መላ ነው። አንዱን ፓስወርድ ሁሉም ቦታ መጠቀም አይሆንም። ከሁሉም በላይ የሚጠበቀው የኢሜይሉ ነው፤ ኢሜይሉን የያዘ ሰው የሌሎቹን አካውንቶች ፓስወርድ ከዚያው ሊቀይር ይችላል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም (ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) ያብሩት። የሚላክላቸውን ኮድ ደግሞ «የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ» ላለም ቢሆን አይሰጡም።

3. ሊንክ ማንበብ

ይህ ጊዜ ይገባዋል። ሰሌዳው ላይ የውሸት አድራሻ ጻፉ፦ «ጎግል ነጥብ ሽልማት ነጥብ ኮም»። የማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ «የጎግል» ማለታቸው አይቀርም። አይደለም። የባለቤቱ ስም ያለው ከኮም በፊት፣ እዚያው ጎኑ ላይ ነው፤ ስለዚህ ገጹ «ሽልማት» የሚባለው ሰው ነው። ከዚያ በፊት የፈለገውን ታዋቂ ስም መደርደር ይችላል፤ የሚከለክለው የለም። አምስት ስድስት አድራሻ ስጧቸውና ባለቤቱን እያሰመሩበት ይለማመዱ።

በአንዳንድ ብራውዘሮች ከአድራሻው ጎን የሚታየው የቁልፍ ምልክትም አያታልላቸው። የምትላላኩትን ሌላ ሰው መንገድ ላይ አያነበውም ማለት እንጂ፣ የገጹ ባለቤት ሐቀኛ ነው ማለት አይደለም። አጭበርባሪም ቁልፍ አለው።

ከዚያ ቋንቋውን ያስተውሉ። «በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልገባህ አካውንትህ ይዘጋል» የሚል የሚያጣድፍ መልእክት ሲመጣ ሊንኩን ትተው፣ አፑን ራሳቸው ከፍተው ያረጋግጡ።

4. ከመለጠፍ በፊት

አንድ የራሳችሁን ተራ ፎቶ አሳዩና «የት ነው የተነሳው?» በሏቸው። የመንገድ ስም፣ ዩኒፎርም፣ በመስኮት የሚታይ ሕንፃ እያሉ ይለቅሙታል። ይህን ጨዋታ ይወዱታል። የፎቶው ፋይል ውስጥም ሎኬሽን ተመዝግቦ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ ከካሜራው ማስተካከያ እንዴት እንደሚጠፋ አሳዩአቸው። ቀጥሎ ጥያቄውን አዙሩት፦ ፎቶው ላይ ያለው ጓደኛህ እንዲለጠፍ ፈቅዷል? ስለ ሰው ክብር ብዙ ከመናገር ይህች ጥያቄ ትበልጣለች።

5. ማጣራት

አንድ ወሬ ሲያዩ ገጹን ከላይ እስከ ታች ከማንበብ ይልቅ፣ ሌላ ታብ ከፍተው ስለ ጸሐፊው ሌሎች ምን እንደሚሉ ይፈልጉ። ምስሉንም ተመሳሳይ ፎቶዎችን ከኢንተርኔት በሚፈልገው በጎግል ሌንስ ይፈትሹት፤ የዛሬ የተባለው ፎቶ የዓመታት ዕድሜ ያለው ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

6. ችግር ሲመጣ

ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ልጆች ዛቻ ሲደርስባቸው የሚደብቁት «ስልኬን ይቀሙኛል» ብለው ነው። አጥቂውም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ወላጆችን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ለተናገረ ልጅ ስልክ መቀማት ቅጣት እንዳይሆን ተስማሙ። ተማሪው የሚነግረውን አዋቂ ራሱ ይምረጥ፣ ስሙንም ይጻፍ።

«ገንዘብ ካልላክህ ፎቶህን እበትነዋለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ገንዘብም ሌላ ፎቶም አይላክም፤ የከፈለ ልጅ ዳግም ይጠየቃል። ቻቱ አይጠፋም፤ የሰውዬው የተጠቃሚ ስምና ዛቻው ስክሪንሾት ይደረጋል። ከዚያ መልስ ማቆም፣ ሪፖርት ማድረግ፣ ብሎክ ማድረግ፣ ለመረጡት አዋቂ መንገር።

ልጁ እርቃኑን የተነሳው ምስል ካለ፣ ከ18 ዓመት በታች ሳሉ ለተነሱ ምስሎች «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ምስሉ ከስልኩ አይወጣም። የሚላከው ከምስሉ የተሠራ የቁጥር አሻራ ብቻ ሲሆን፣ ከአገልግሎቱ ጋር የሚሠሩ መድረኮች በዚያ እየፈለጉ ከገጻቸው ያስወግዱታል።

እናንተም ምስሉን «ለማስረጃ» ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ስልክ አታስልኩ፣ ለሌላ መምህርም አታሳዩ። የሚያስፈልጋችሁ የዛቻው ጽሑፍና የላኪው አድራሻ ነው።