«ምንም አያመኝም» እና ሌሎች ስህተቶች፦ እርግዝናና የአባላዘር በሽታ

ጅማ ውስጥ ለቅድመ ወሊድ ክትትል የምትመጣ ነፍሰ ጡር ደም ስትሰጥ ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ብቻ የሚታይላት ይመስላታል። ከዚያው ደም ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢም (የጉበት ቫይረስ) ይመረመራሉ። ውጤቱን ሳይጠይቁ ወደ ቤት መሄድ የመጀመሪያው ስህተት ነው።

«ምንም አያመኝም» ማለት። ቂጥኝ ሲጀምር የሚያወጣው ቁስል አያምም። ሴት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ስለሚወጣ ሳይታይ ይድናል። የዳነው ግን ቁስሉ ነው። ተህዋሲው ደም ውስጥ ቆይቶ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ይሻገራል፤ ውርጃ ወይም ሞቶ መወለድ ሊያስከትል ይችላል። ጨብጥና ክላሚዲያም ብዙ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳዩም።

ሆድ እስኪገፋ መጠበቅ። ዓይን እንዳይበላት ብላ እርግዝናዋን የምትደብቅ ብዙ ናት፤ ለጎረቤት መደበቁ ይቻላል፣ ለአዋላጇ ግን አይሆንም። የመጀመሪያው ክትትል ከ12ኛው ሳምንት በፊት ቢሆን ይመረጣል። የቂጥኝ ሕክምና ሕፃኑን በበቂ ሁኔታ እንዲጠብቅ፣ ከወሊድ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ መጀመር አለበት። «ባለፈው እርግዝናዬ ነፃ ነበርኩ» የሚለውም ለዚህኛው አያገለግልም።

ባልን መተው። ከሁሉ የሚከፋው ይሄ ይመስለኛል። ሚስት መርፌዋን ተወግታ ትመለሳለች፣ ባል አልታከመም፣ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ሁለቱም መታከም፣ ሕክምናው አልቆ ቢያንስ አንድ ሳምንት እስኪሞላ ደግሞ ከግንኙነት መታቀብ አለባቸው። እሱ ቡና ለመሰብሰብ ገጠር ሄዶ ከሆነ ሲመለስ አብሮ ይምጣ፤ እስኪታከም ግንኙነት አይኑር። «ማን አመጣው?» የሚለው ጠብ ግን ከንቱ ነው። ቂጥኝ ከጋብቻ በፊት ጀምሮ ለዓመታት ተደብቆ ሊኖር ስለሚችል ምርመራው ማን እንዳመጣው አይናገርም። ባሏ እንዳይመታት የምትፈራ ሴት ቤት ገብታ ብቻዋን ከመንገሯ በፊት ፍርሃቷን ለአዋላጇ ትንገራት።

ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ። ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ለነፍሰ ጡር አይመከሩም። ቂጥኝ ላይ ፅንሱን ጭምር እንደሚያክም የተረጋገጠው ፔኒሲሊን ነው። መቼ እንደያዛት የማይታወቅ ከሆነ መርፌው በሳምንት አንዴ፣ ሦስት ሳምንት ይሰጣል፤ አንዱን ተወግቶ መቅረት አያድንም። በነገራችን ላይ ከብልት የሚወጣ ፈሳሽ ሁሉ የአባላዘር በሽታ አይደለም፤ እንደ እርጎ የረጋውና የሚያሳክከው ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው። ብልትን ከውስጥ በሳሙና ወይም በሎሚ ማጠብ ግን ማንኛውንም ያባብሳል።

«ኤችአይቪ ካለብኝ ልጄ አበቃለት» ብሎ መጥፋት። ያለ ሕክምና ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ ስትወስድ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል።

ሕፃኑን ከወሊድ በኋላ መርሳት። የእናት ሄፓታይተስ ቢ ከተገኘ ሕፃኑ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲከተብ ይጠየቅ። ዓይኑ ላይ የሚቀባው የቴትራሳይክሊን ቅባት ጨብጥ እንዳያሳውረው ነው፤ እምቢ አይባልም።

ካርዱን ቤት መተው። ክትትል ጤና ጣቢያ፣ ወሊዱ ሸነን ጊቤ ወይም ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። ምጥ ሲመጣ የሚያዋልደው ባለሙያ ውጤቱን የሚያገኘው ከካርዱ ነው፤ ከሰባት ወር ጀምሮ ለወሊድ በተዘጋጀው ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ።