የድሮ የጀርመን ኩፔን ጉልበት ስንጨምር ሐረጎ ላይ የሚያጋልጡን ስህተቶች

ከኮምቦልቻ ደሴ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን በዚያች አጭር መንገድ፣ በተለይ ሐረጎ ዳገት ላይ፣ የመኪና ጉድ ሁሉ ይወጣል። የድሮ ባለ ሁለት በር መርሴዲስ ወይም ቢኤምደብሊው ይዘው "ሞተሩን ላሳድገው" የሚሉ ወጣቶች በዝተዋል። እኔም በ1982 ሞዴል መርሴዲስ 230 ሲኢ ላይ ብዙ ገንዘብና ብዙ ቅዳሜ ስለጨረስኩ፣ ከሁሉ የከበዱትን ስህተቶች ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የወረቀቱን የፈረስ ጉልበት ደሴ ላይ መፈለግ ነው። ቡና ላይ የሚነሳው ክርክር ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። አንዱ ባለ 230 ሲኢ "የኔ 136 ፈረስ ነው" ሲል ሌላው "ቢኤምደብሊው 325 አይ 170 አለው" ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ቁጥሩ ግን የባሕር ወለል አየር ታስቦ የተሰጠ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሯ ከባሕር ወለሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ፣ 136 ያልነው ፈረስ ፒያሳ ሲደርስ 105 አካባቢ ይሆናል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ይሻላል። ስለዚህ ዳገት ላይ የደከመ መኪና ሁሉ ሞተሩ አልቆ አይደለም። ሞተር ከማውረዳችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን አስለኩ፣ ካንዴላዎቹንም አውጥታችሁ እዩ። ካንዴላው ጥቀርሻ ከለበሰ፣ ለዚህ ስስ አየር ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ካርቡራቶር ያለውን በትንሽ ገንዘብ አስተካክሎ የጠፋውን ጉልበት በከፊል መመለስ ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። መርሴዲስ ራሱ ለሰሜን አሜሪካ ገበያ በዚሁ ኩፔ ላይ ባለ 5 ሲሊንደር፣ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተር ገጥሞ 300 ሲዲ ብሎ ሸጦታል፤ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ ባለ ቱርቦ ናቸው። በወረቀት የቱርቦው ጉልበት 125 ፈረስ ገደማ ነው፤ ከቤንዚኑ ያንሳል። ነገር ግን ቱርቦው ስሱን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው የሚቀማው ያን ያህል አይደለም። የመጠምዘዝ ኃይሉም በ2,400 ዙር 250 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ የ230ው በ3,500 ዙር 205 ገደማ ነው። ከተጫነ ከባድ መኪና ኋላ በዝግታ ሐረጎን ስትወጡ የሚያስፈልጋችሁ ያ በዝቅተኛ ዙር የሚመጣው ኃይል ነው። ስለዚህ እኔን የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ ደሴ ላይ 125ቱን ከ136ቱ አስበልጣለሁ።

ሁለተኛው ስህተት፣ እኔን ሕይወቴን ሊያስከፍለኝ የነበረው፣ ፍሬንን ለመጨረሻ መተው ነው። ሞተሩ ታድሶ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ደስታው አሳስቶኝ 4ኛ ማርሽ ላይ እንዳለሁ በፍሬን ብቻ እይዘው ነበር። መጀመሪያ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። ቀጥሎ ፔዳሉ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ለሰለሰ፤ መታጠፊያው ላይ ስደርስ እስከ ወለሉ ወረደ። ማርሹን ወደ 2ኛ መልሼ፣ በግራ እግር የሚረገጠውን የማቆሚያ ፍሬን ረግጬ፣ ዳር የተከመረ አሸዋ ላይ አቆምኩት። እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ከመኪናው አልወረድኩም። አንድ የሲኖ ሾፌር ቆሞ "አብሽር፣ አላህ አውጥቶሃል" አለኝና ጎማዬ ሥር ድንጋይ አደረገልኝ።

ማግስቱን ሲከፈት የፍሬን ዘይቱ እንደቆየ ሻይ ጠቁሯል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል። ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ሲቆይ ግን የመፍያ ነጥቡ ወደ 155 ይወርዳል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። የዘይቱ ዋጋ ከሞተሩ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ቁልቁለቱንም በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱት።

ይኸው ጉዳይ ቢኤምደብሊው ላይ ይብሳል። የ1980ዎቹ መጀመሪያ 318 አይ 105 ፈረስ ነው፤ የፊት ዲስኩ አየር ማሳለፊያ የለውም፣ የኋላውም ታምቡር ነው። የ325 አይ ሞተር ሲገጠምበት ጉልበቱ ወደ 170 ያድጋል፣ ፊቱም ይከብዳል። ፋብሪካው ለ325 አይ የሰጠው ግን ሞተር ብቻ አይደለም፤ አየር የሚያሳልፍ የፊት ዲስክ፣ የኋላ ዲስክና ተለቅ ያለ ዲፍረንሻል አብሮ ሰጥቶታል። ሞተሩን ብቻ ገዝቶ ሌላውን መተው ግማሽ ሥራ ነው። በዚያ ላይ በ325 አይ ሞተር ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት የሚዞረው በቺንጋ ነው፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ያገለገለ ሞተር ስትገዙ "ቅርብ ጊዜ ተቀይሯል" የሚለውን አትመኑ፣ ከመግጠማችሁ በፊት ቀይሩት።

ሦስተኛው ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቫልቭ፣ አውጥቶ መጣል ነው። መኪናው ሞቀ ሲባል ብዙ ጋራዥ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህን ነው። በነዚህ የጀርመን ሞተሮች ግን ቴርሞስታቱ ሲከፈት በሌላ ጎኑ ውሃው ራዲያተሩን ሳያይ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጋል። ሲወጣ ያ መንገድ ክፍት ስለሚቀር፣ ከሞቀው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ጠዋት በደሴ ብርድ አይሞቅም፣ ቀትር ላይ በዳገት ይፈላል። የራዲያተሩን ክዳንም አትናቁ። ደሴ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ከዚያ በላይ የሚያስችለው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ይዞ ሐረጎን መውጣት ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ማጣመም ነው።

ዝገቱን በስቱኮ ሸፍኖ ጉልበት መጨመርም አለ። የመርሴዲሱ ኩፔ በበሩና በኋላ መስኮቱ መካከል ምሰሶ የለውም፤ መስኮቶቹ ሲወርዱ ጎኑ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ውበቱም ይኼ ነው። ስለዚህ ሸክሙን የሚይዙት ከበሩ ሥር ያለው ብረትና ወለሉ ናቸው። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከበሩ ሥርና ክሪክ የሚገባበት ቦታ ላይ አስጠጉ። ካልያዘ ሥሩ ብረት የለም፤ መጀመሪያ ባትላሜራ ጋር ሂዱ።

ማርሚታ ማውጣት ድምፅ እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ሞላ መቁረጥ ደግሞ በደሴ ኮብልስቶን ላይ የዘይት መያዣውን ማስመታት ነው።

የመጨረሻው ወረቀት ነው። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ካልተስተካከለ ቦሎ ላይ ወይም ሽያጭ ላይ ትያዛላችሁ። አንድ ወዳጄ ሞተሩን አስገጥሞ ከጨረሰ በኋላ ነው ቁጥሩ ከጉምሩክ ወረቀቱ ጋር የማይገጥም መሆኑን ያየው፤ ሻጩ ስልኩን አጥፍቷል፣ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሞተሩ ከጭነት መኪናው ሳይወርድ፣ ገንዘቡም ከእጃችሁ ሳይወጣ፣ ጨርቅ ቤንዚን ነክራችሁ ቁጥሩ ላይ ያለውን ግራሶ ጥረጉና ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩት።