የዎርድ ሰነድ በሊነክስ ላይ በሌላ ፕሮግራም ሲከፈት

ከሊነክስ ዓይነቶች አንዱ በሆነው በኡቡንቱ ላይ የዎርድ ሰነድ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት፣ የሊብሬኦፊስ የጽሑፍ ማዘጋጃ በሆነው በራይተር ፈንታ በሌላ ፕሮግራም የሚከፈት ከሆነ፣ ሊብሬኦፊስን አጥፍቶ እንደገና መጫን አያስፈልግም። ሰነዱን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው፣ በሌላ ፕሮግራም ለመክፈት ከሚቀርበው ዝርዝር ራይተርን ይምረጡ፤ ከመክፈትዎ በፊት ግን ለዚህ የፋይል ዓይነት ሁልጊዜ እንዲያገለግል የሚያደርገውን ማብሪያ ያብሩ፤ ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህንኑ ነው። ምርጫው በራስዎ የቤት ፎልደር፣ ኮንፊግ በተባለው ስውር ፎልደር ውስጥ ስለሚጻፍ ከሲስተሙ ነባሪ ምርጫ ይቀድማል፤ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃልም አይጠይቅም። ለኤክሴልና ለፓወርፖይንት ፋይሎች ለየብቻ ይደረጋል።

ዶክኤክስ (.docx) የተባለው የዎርድ ፋይል ዓይነት በውስጡ የዚፕ ጥቅል፣ ማለትም ብዙ ፋይሎች ታጭቀው የተያዙበት አንድ ፋይል፣ በመሆኑ፣ የፋይሉ መግለጫ ዓይነቱን ዚፕ ብሎ ካሳየ ይህን አያድርጉ፤ ዚፕ ፋይሎች በሙሉ ወደ ራይተር ይሄዳሉና። በዚያ ጊዜ የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ .docx ማስተካከል ይቀድማል።