ከኋላ የሚከፈተውን የካሲኖ ማስታወቂያ ከስልካችሁ እንዴት ታጠፋላችሁ?

ኳስ በነጻ የሚያሳይ ድረ ገጽ ከፍታችሁ አንድ ቦታ ነካ ስታደርጉ ከኋላ ሌላ ገጽ ይከፈታል። ወዲያው አታዩትም። ጨዋታው አልቆ ብራውዘሩን ልትዘጉ ስትሉ ግን የካሲኖ ጌምና የ“ቦነስ” ግብዣ ፊታችሁ ይደቀናል። ፖፕአንደር የሚባለው ይሄ ነው።

አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። “ቫይረስ ገብቶበታል፣ ፎርማት አድርግልኝ” ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ ለዚህ ብላችሁ ፎርማት አታስደርጉ። ፎቷችሁን ታጣላችሁ፣ ገንዘብ ትከፍላላችሁ፣ ማታ ያንኑ ድረ ገጽ ስትከፍቱ ማስታወቂያው ይመለሳል። ስልኩ ምንም አልሆነም።

መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ ለዩ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። የቁማር ማስታወቂያ የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው፤ የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሠራም።

ብራውዘር ላይ ሆናችሁ አንድ ነገር ስትነኩ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ፖፕአንደር ነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ እያለ ድምፅ አሰምቶ ከላይ የሚወርድ ከሆነ ኖቲፊኬሽን ነው። ቴሌግራም ላይ ሆናችሁ ወይም ስልክ አውርታችሁ ስትዘጉ ስክሪኑን ሙሉ የሚሸፍን ከሆነ ደግሞ ስልኩ ላይ የተጫነ አፕ ነው።

አፑ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ብዙ ሰው ያስቸግራል። ዘዴው ቀላል ነው። ማስታወቂያው ስክሪኑን እንደሸፈነ አትዝጉት። የተከፈቱ አፖችን የሚያሳየውን ቁልፍ ተጫኑ። ከማስታወቂያው በላይ የአፑ ምልክት ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ የባትሪ መብራት፣ የስልክ ማጽጃ ወይም የቪዲዮ ማውረጃ አፕ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከሰው ስልክ በዜንደር የተቀበላችሁት ወይም አፕ የሚጭን ሱቅ ሌላ ሲጭንላችሁ አብሮ የገባ ሊሆን ይችላል። አጥፉት። አልጠፋ ካለ ስልኩን በሴፍ ሞድ (የጫናችኋቸው አፖች ሳይሠሩ በሚነሣበት መንገድ) አስነሡና ያኔ አጥፉት። ከዚያ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ገብታችሁ ፕሌይ ፕሮቴክት በሚባለው የጎግል መፈተሻ ስልኩን አስፈትሹት።

“የስልክ ማጽጃ” የሚባሉ አፖችን በአጠቃላይ አልመክርም። ብዙዎቹ ይሄ ነው የሚባል የሚያጸዱት ነገር የለም፤ ማስታወቂያ የሚያመጡትም ብዙ ጊዜ ራሳቸው ናቸው።

ኖቲፊኬሽኑን ዝጉ

አንዳንድ ድረ ገጽ “ሮቦት አለመሆንህን ለማረጋገጥ አላው (Allow) የሚለውን ተጫን” ይላል። ውሸት ነው። ስትጫኑ ኖቲፊኬሽን እንዲልክባችሁ ፈቀዳችሁለት ማለት ነው። ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች፣ ሴቲንግስ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ ብላችሁ ግቡ። የማታውቁትን ድረ ገጽ ሁሉ ከልክሉ።

ፖፕአንደሩን መከልከል

እዚያው ሳይት ሴቲንግስ ውስጥ ፖፕአፕስ ኤንድ ሪዳይሬክትስ የሚል አለ። አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ ነው የምታገኙት። ታዲያ እንዴት ያልፋል?

ብራውዘር አንድ ድረ ገጽ በራሱ ጊዜ አዲስ ገጽ እንዳይከፍት ይከለክላል። ሰው ከነካ ግን ፈልጎ ነው ብሎ ያሳልፋል። ስለዚህ ማስታወቂያው የመጀመሪያ ንክኪያችሁን ይጠብቃል። ማጫወቻውን ብትነኩ፣ የመዝጊያ ኤክሱን ብትነኩ፣ ባዶ ቦታ ብትነኩ ለውጥ የለውም። የድረ ገጹ ባለቤት ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በሺህ እይታ ነው። ካሲኖው ደግሞ ተመዝግቦ ብር ያስገባ ተጫዋች ላመጣለት ሰው ኮሚሽን ይከፍላል። ገንዘቡ ያለው የእናንተ ጣት ላይ ነው።

ማስታወቂያው ለአንድ ሰው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚታይ ብዙውን ጊዜ ገደብ አለው። ቆጠራው በኩኪ (ድረ ገጹ ስልካችሁ ላይ በሚያስቀምጠው ትንሽ ማስታወሻ) ከሆነ ኩኪ ስታጠፉ ወይም በኢንኮግኒቶ (ታሪክ በማያስቀምጠው መስኮት) ስትገቡ እንደ አዲስ ሰው ትቆጠሩና ማስታወቂያው “ሀ” ብሎ ይጀምራል። ኩኪ ማጥፋት መፍትሔ ነው የሚላችሁን አትስሙ።

የሚሠራው ማስታወቂያ ከልካይ ነው። የአንድሮይድ ክሮም ኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አይቀበልም፤ ፋየርፎክስ ግን ይቀበላል። ፋየርፎክስ ጫኑ፣ ኤክስቴንሽን የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ከልካይ ጨምሩ። በነጻ ነው። ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው፤ ማስታወቂያው ከመጀመሪያውም ስለማይወርድ ፓኬጃችሁንም ይቆጥባል። አይፎን የያዛችሁ ሳፋሪ ላይ ፖፕአፕ መከልከያውን አብሩና ከአፕ ስቶር ኮንተንት ብሎከር (ማስታወቂያ ከልካይ) ጫኑ።

ሌላ ብራውዘር መልመድ ካልፈለጋችሁ ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚባል፣ ስልኩ የድረ ገጾችን አድራሻ ከማን እንደሚጠይቅ የሚወስን ቅንብር አለ፤ ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ታገኙታላችሁ። አድጋርድ የሚባለው ማስታወቂያ ከልካይ አገልግሎት በድረ ገጹ በነጻ የሚሰጠውን የዲኤንኤስ አድራሻ እዚያ ጻፉ። ሁሉንም አይዝም፤ ግን ከነጭራሹ ከመተው ይሻላል። ለታናሽ ወንድም ስልክ እኔ ሁለቱንም ነው የማደርገው።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለፓኬጅ ብቻ ብዬ አይደለም። ቤቲንግ ቤት ደጃፍ ላይ ቢያንስ “ከ21 ዓመት በታች መጫወት ክልክል ነው” የሚል ጽሑፍ አለ። ፖፕአንደር የማንንም ዕድሜ አይጠይቅም። ቁማር ለማቆም እየታገለ ያለ ሰው ደግሞ ቤቲንግ ቤቱን ዞሮ ያልፋል፤ ይሄኛው ግን እጁ ላይ ድረስ ይመጣበታል። እንዲህ ያለ ወዳጅ ካላችሁ ስልኩን ተቀብላችሁ አስተካክሉለት። ዐሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ስትጨርሱ ሞክሩት። ያንኑ ድረ ገጽ ክፈቱ፣ አንድ ቦታ ንኩ፣ የታቦቹን ቁጥር እዩ። አንድ ከነበረ አንድ መሆን አለበት። ሁለት ከሆነ ከልካዩ ለዚያ ድረ ገጽ ሥራ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ዲኤንኤሱን ካስገባችሁ በኋላ የካፌ ወይም የሆቴል ዋይፋይ መግቢያ ገጽ አልመጣም ካለ ለጊዜው ወደ አውቶማቲክ መልሱት፤ ከገባችሁ በኋላ እንደገና አብሩት።